ሁሌ ለእሷ የሚወጣው እጣ

«እማ... ይሄ እድል አይመስለኝም!» አለቻት ልጇ።

እናት እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ነበር። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት።

ሃያ ሁለት ዓመት እርጥብ አንሶላ ስትጎትት ወገቧ አልቋል... ግን «አሞኛል» ብላ አታውቅም። ያለች ቀን «በቃ ቤትሽ ዕረፊ» እንዳትባል ትፈራለቻ!

አጣቢዎቹ ስድስት ናቸው። ቀላሉ ሥራ ግን አንድ ብቻ... ቁጭ ብሎ የደረቀውን ማጠፍ።

ስለዚህ ሰኞ ሰኞ እጣ ይጣላል። ሌሎቹ አምስቱ ስድስት ወረቀት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ላይ «ማጠፍ» ተጽፎ ሌላው ባዶ ይሆናል። ታላቃቸው ስለሆነች ቀድማ የምታወጣው እሷ ናት።

አምስት ሰኞ በተከታታይ «ማጠፍ» ወጣላት!

«ፈጣሪ ድካሜን አይቶ ነው» አለች።

ልጇ የሂሳብ ተማሪ ናት... አትለቅም።

«አንዴ ከሆነ ከስድስት አንድ ነው፣ እሺ። ሁለቴ ሲደጋገም ከሠላሳ ስድስት አንድ። አምስቴ ሲሆን ግን ከሰባት ሺህ በላይ አንድ ነው እማ! ሊሆን ይችላል... እኔ ብሆን ግን የቀሩትን ወረቀቶች አያቸው ነበር።»

ነገሩ ከነከናት። «አጭበረበረች» ተብላ ብትባረርስ?

ሰኞ ደረሰ። አወጣች... «ማጠፍ»!

«እትዬ፣ የእርስዎስ እድል ለጉድ ነው!» ብለው ሳቁ። የራሳቸውን እንደልማዳቸው ሳይከፍቱ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

ወደ ማሽኖቹ ሲሄዱ ቅርጫቱን በረበረች።

አንዱን ከፈተች... «ማጠፍ»።

ሁለተኛውም... «ማጠፍ»።

አምስቱም! የእጅ ጽሑፉ ደግሞ የተለያየ ነው።

ቀና ስትል «ቀጭኗ» የሚሏት ባልደረባዋ በር ላይ ቆማለች... ለሁለት ሰው የሚከብድ እርጥብ አንሶላ ብቻዋን አቅፋ።

«እትዬ... ምን እናድርግ? እንርዳዎ ስንል እሺ አይሉ!»

ምን ያህል እንደደከማት የገባት ያኔ ነው። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ሰኞ ግን እጇን ሰበሰበች።

«ዛሬ ቀጭኗ ትቅደም» አለች። ምን እንደሚወጣላት በደንብ ታውቃለች!

ከዚያ አንሶላው ጋ ሄደች... በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጆች፣ በዛ በኩል ያዙልኝ» አለች።

ወዳጆቼ... እድል ደጋግሞ ሲያዳላላችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ሂሳቡ አልገጥም ካለ፣ ምናልባት ሸክማችሁን በዝምታ የተሸከመ ሰው አለ።

እናንተስ... «እድሌ ነው» ብላችሁ ያለፋችሁት፣ በኋላ ግን ሰው ሆኖ ያገኛችሁት ነገር አለ? ማን ነበር?