ያልገጠመው አበባ

ቀለሙን ከንድፉ እያነበቡ የሚጠሩት የስጋጃ ሥራው አለቃ ኡስታድ ሱብሃን ጥሪውን በድንገት ያቋርጣሉ። ለብርዱ ካባቸው ውስጥ ያቀፏትን፣ ፍም በሸክላ የያዘች ቅርጫት ወለሉ ላይ አስቀምጠው ይነሱና መሥሪያው ላይ የተወጠረው ስጋጃ ላይ ያጎነብሳሉ። በቀኝ የተቀመጠችው ሙግሊ የቋጠረችው የአበባ ግማሽ እንደ ንድፉ ነው። በግራ ያለችው የታጃ ግን አንድ ረድፍ ዘሏል፤ መሃል ላይ ሁለቱ አይገናኙም።

"ደግሞ ተሳሳትሽ?" ይላሉ ኡስታድ።

"ደግሞ" ትላለች ታጃ። ሰበብ መፈለግ እንኳ ደክሟታል።

"የት ሄደሽ ነው?"

"ቤቷ ነዋ!" ሙግሊ ትስቃለች። "ትናንት መስኮት ስትገጥም ነው የዋለችው። ዛሬስ እቴ?"

"መጋረጃ እየሰቀልኩ ነበር።"

ታጃ ቤት የላትም፤ የምታድረው ወንድሟ ማድቤት ነው። ቤቱን የምትሠራው እየቋጠረች በሐሳቧ ነው።

ኡስታድ አይስቁም። "እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጠራ አንቺ መጋረጃ! ይቺ አበባ ዛሬ ካልገጠመች ነገ እንዳትመጪ። የጎረቤቴን የፋዚን ልጅ በቦታሽ አስቀምጣለሁ።"

ረድፉን የሚያስረው ማግ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክር ስለሆነ ሙግሊም ልክ የሠራችውን አብራ ትፈታለች። በቢላዋ ጫፍ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ። የታመመ ዓይኗ እንባ ያፈሳል። ታጃን ግን አትወቅሳትም፤ ያሳፈራትም ይሄው ነው።

"እናቴ ሐሳቧ እንዳይሸሽ ጥሪውን ጮክ ብላ ነበር የምትመልሰው" ትላለች ሙግሊ ፈትተው ሲጨርሱ። "ሞክሪው እስቲ፣ ምን ይቀርብሻል?"

"ሁለት ቀይ፣ አንድ ነጭ!" ይላሉ ኡስታድ።

"ሁለት ቀይ፣ አንድ ነጭ" ትላለች ታጃ።

ያ የሐሳቧ ቤት ወዲያው ይመጣባታል። ምድጃው ላይ ሻይ ተጥዷል፤ መልኩን ለይታ የማታውቀው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ምነው ቆየሽ ይላታል። ልትመልስለት አፏን ትከፍታለች።

"ሦስት አረንጓዴ!"

ያላት አፍ አንድ ነው። "ሦስት አረንጓዴ" ትላለች፤ ሰውዬው መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

እንዲህ ሲሆን ቀኑ ረዥም ነው። ወገቧ ይህን ያህል እንደሚያማት አታውቅም ነበር። ጣቶቿ ይቃጠላሉ፣ ክፍሉ ሱፍ ሱፍ ይሸታል፣ የሙግሊ አፍንጫ ያፏጫል። ሰልችቷታል፤ ማልቀስ ያምራታል። ቢሆንም ትመልሳለች።

ሊመሽ ሲል ኡስታድ ተነስተው መሃሉን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። ገጥሟል። ቅርጫታቸውን አቅፈው ተመልሰው ይቀመጣሉ። ሙግሊ በጉልበቷ ጎሸም ታደርጋታለች።

ታጃ አበባውን ታየዋለች። ስንት ወር ይህንኑ ዓይነት አበባ ስትቋጥር ኖራ፣ አንዱ ቅጠሉ ወደ ታች የታጠፈ መሆኑን ልብ ብላ አታውቅም። እዚያ በሐሳቧ ቤት፣ መጋረጃው በአንድ ወገን ብቻ ተሰቅሎ ቀርቷል።

"አንድ ነጭ!"

"አንድ ነጭ" ትላለች፤ ስትመልስ ውላ ድምጿ ሰልሏል።