ጀርባዋን የሰጠችን ሴት

ሮቤ አደባባይ ላይ የስንዴ ነዶ የታቀፈች ሴት ሐውልት ከቆመ ወዲህ ሕዝቡ ሌላ ወሬ የለውም። እኔም ለከተማው ሬዲዮ አስተያየት ስሰበስብ ሰነበትኩ።

በጎባ መውጫ በኩል ጨርቅ የሚሸጠው ዑስማን፣ «ወላሂ ንቀት ነው! ለእኛ ጀርባዋን ሰጥታ ፊቷን ወደ ማን አዙራ ነው?» አለኝ። በማዶ፣ በጊኒር መውጫ በኩል ቅቤ የሚሸጡት አዴ ደጊቱም ተቆጡ። «እኛስ ሰው አይደለንም? ምነው ጀርባዋን ሰጠችን?» በጎን የቆሙት የባጃጅ ሹፌሮችም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ፊቷን ያደነቀው ፀጉር አስተካካዩ ነጋ ብቻ ነበር። «ቆንጆ ናት። ደግሞም እኔን ነው የምታየኝ» የሱቁን መስታወት እየወለወለ ሲለኝ ሁላችንም ሳቅንበት። በማግስቱ ደጁ ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። ምንም ያላመመው ጤነኛ ሰው ነበር።

ከቀብሩ ስመለስ በጠራራ ፀሐይ ሐውልቱን ዞርኩት። በየትኛውም በኩል ብሄድ የሚታየኝ የተጎነጎነ ፀጉሯና ጀርባዋ ብቻ ነው።

«አላልኩሽም ሊድያ?» አለኝ ዑስማን ከሱቁ ሆኖ።

ተናድጄ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አደባባዩን ለቀን ትንሽ እንደሄድን ዓይኔ ስፖኪዮው ላይ አረፈ፤ ወዲያው ወደ ኋላ ዞርኩ።

«ምነው፣ የረሳሽው ዕቃ አለ እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ።

«የለም» አልኩት።

ነጋ እውነቱን ነው። ቆንጆ ናት። ደግሞም እኔን ነው የምታየኝ።