የሁላችን ሕልም

ምእመናኑ ሁሉ አንድ ሕልም ማለም ከጀመሩ ወዲህ የእትዬ ስንቅነሽ ባል በሕልሟ መጥቶ አያውቅም። ድሮ፣ ከሞተም በኋላ፣ ብቅ እያለ "በረደኝ፣ ጋቢዬን አምጪልኝ" ይላት ነበር። ጋቢው እስከ ዛሬ ከአልጋዋ ግርጌ ተቀምጧል። እሷ ግን ዓይኗን ስትከድን የምታየው እንደ ሰዉ ሁሉ ሊሠራ የታሰበውን አዳራሽ ነው። "አንድ ራእይ ይኑረን" ሲባል አሜን ያለች ዕለት፣ ነገሩ እንቅልፏ ውስጥ ይገባል ብላ አላሰበችም።

ዛሬ ራእዩን ሊያድሱ ተሰብስበዋል። ሁሉም አሜን ካሉ ከመድረኩ በላይ ያለው መብራት ይበራል፤ አንድ ሰው እንኳ ከቀረ ሁሉም ወደየራሱ ሕልም ይመለሳል። ሌሎቹ ብለው ጨርሰዋል። የቀረችው እሷ ናት።

ከቤት ይዛው የመጣችውን የባሏን ጋቢ ደርባ ተነሣች።

"አዳራሹ ያምራል፣ ክፉ አይወጣኝም። ግን ባሌን ወንበር በወንበር ዞሬ ፈለግሁት። የሞተ ሰው አንድም የለበትም።"

ከኋላ አንዲት እናት "ቸኩዬ አሜን አልኩ እንጂ የኔም ልጅ የለችም" ብላ አለቀሰች።

ፓስተር ናታን መጥተው የስንቅነሽን ትከሻ ያዙ። ተንኮል አልነበራቸውም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እትዬ።"

"አሜን" አለች፤ ተመርቆ ዝም የሚል አፍ አልነበራትም።

መብራቱ ቦግ አለ። ፓስተሩ ራሳቸው ደነገጡ።

ስንቅነሽ ቤቷ ስትገባ ጋቢውን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።