የተስፋ ቡድን ማልያ

በውድድሩ መክፈቻ ዕለት ጠዋት የክለቡ የትንበያ ማሽን እንደ ልማዱ ክለቡ በየከተማው ያሉትን የታዳጊዎች ተስፋ ቡድኖች ውጤት ከጨዋታው በፊት ተናገረ። የአዳማው ያሸንፋል፤ የዲላው ይሸነፋል። የዲላው በረኛ ትርሲትም ዋናው ቡድን አትደርስም። ማሽኑ ተሳስቶ አያውቅም።

ትርሲት ማልያዋን ስትፈልግ እናቷ ወለል ስትወለውልበት አገኘቻት።

«ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል ብዬ ነው፣ ልጄ» አለች እናቷ ቀና ሳትል።

ትርሲት ማልያውን ተቀብላ በሳሙና አሸችው፤ ጨምቃም እንደረጠበ ለበሰችው።

«ትሸነፋላችሁ ተብሏል እኮ።»

«ሰምቻለሁ። የቡድናችን ስም ማነው፣ እማ?»

«ተስፋ።»

«እንግዲያው ስሙን እስኪቀይሩት ድረስ ጎሉ ላይ እቆማለሁ።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ከማልያው ጫፍ ውሃ አሁን በተወለወለው ወለል ላይ ይንጠባጠባል።

«በይ አውልቂው፤ በርዶሽ ኳስ እንዳያመልጥሽ» አለችና ካውያውን ሰካች።