የሚጢ የጠዋት ወሬ

«እማዬ... ሚጢ ዛሬ በላች?»

«በላች። ጥርግ አድርጋ ነው የበላችው።»

«አሁንስ የት ናት?»

«ይቺውልህ... እግሬ ሥር ተኝታለች።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ይህን ሲሉ እግራቸው ሥር ከነጠላ ጫማቸው በቀር ምንም አልነበረም...

ለልጃቸው መዋሸት ከጀመሩ ሁለተኛ ወራቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ለቡ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ።

አንድ ልጃቸው ኤልዳድ የሚኖረው አያት ነው። ያው አንድ ከተማ ነው... ግን በዓል ካልሆነ አይደውልም ነበር። «እንኳን አደረሰሽ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን»... አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቅ ነበር።

ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ የሚመሽባቸው ቀን ብዙ ነበር። ድምፃቸው እንዳይዘጋ ብለው ከቴሌቪዥኑ ጋር ያወሩ ነበር።

አንድ ቀን ኤልዳድ ደወለ። ያለ በዓል...

«እማዬ፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ ውሻ ላመጣልሽ ነው።»

«ውሻ? ፎቅ ላይ? ምኔን ሊጠብቅልኝ?»

«ጠባቂዋስ አንቺ ነሽ» አላቸው እየሳቀ። «አድጋ አድጋ ሁለት ኪሎ ብትሆን ነው።»

ሁለት ኪሎማ ሽንኩርትም ይመዝናል... አሉ በሆዳቸው።

እንደዚያም ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘጋጁ ሰነበቱ። ሾልካ እንዳትወድቅ የበረንዳውን ፍርግርግ በካርቶን ደፈኑ። እንዳታኝከው የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ጋር በፕላስተር አጣበቁ። የባላቸውን ሹራብ ቆርጠው መኝታ ሰፉላት። ያንን ሹራብ ለማንም ሰጥተውት አያውቁም።

ሚጢ ስትመጣ ኤልዳድ ሁለት ገጽ መመሪያ ጽፎ አብሮ አመጣ።

በቀን አራት ጊዜ ትብላ። ብርድ አይንካት። ከሶፋ ላይ አትዝለል፣ እግሯ ይሰበራል። ሽንኩርት የገባበት ምግብ መርዟ ነው። ብቻዋን ብዙ ሰዓት አትተዪያት...

የመጨረሻዋን መስመር ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሁለት ጊዜ አነበቧት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ በየቀኑ ይጠራ ጀመር። እንዲህ ያለች ደቃቃ ቡችላ ምግብ ካለፋት ራሷን ስታ ትወድቃለች ብለውት ሰግቷል። «በላች? አልበረዳትም?»... እሳቸውም ሚጢን ወደዷት፤ ስልኩን ደግሞ ከሚጢም በላይ ወደዱት።

ሁዳዴ ገባ።

እሳቸው ይጾማሉ፤ ሚጢ ግን ዶሮ ካልተቀቀለላት አፏን አትከፍትም። የዶሮው ሽታ በደረጃው ወርዶ ጎረቤት ሁሉ ዘንድ ደረሰ። «እትዬ ፀሐይወርቅ? በሁዳዴ?» ተባለ። ሰው ደግሞ ወሬ ሲያገኝ መቼ ያጣራል...

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባታቸው ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። በሩ ላይ ሚጢን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ልጄ፣ ውሻ ያለበት ቤት አልገባም» አሏቸው።

እስቲ አስቡት... በወር አንዴ እንኳ ደጃቸውን የሚያንኳኳ ሰው እኚህ ቄስ ብቻ ነበሩ።

እያለቀሱ ሚጢን ለማኑሄ ሰጡት። ማኑሄ ከኮንዶሚኒየሙ በር አጠገብ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ላፍቶ ግቢ ያለው ቤት አለው።

ለኤልዳድ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ውሻዋ የለችም ካሉት... ምን ብሎ ይደውላል?

ስለዚህ በየጠዋቱ ወደ ማኑሄ ይወርዳሉ። «ትናንት ደግሞ ምን አደረገች?» ይሉታል። እሱም ስፌቱን ሳያቆም ይነግራቸዋል... ካልሲ ሰረቀች፣ መስታወት ውስጥ ራሷን አይታ ጮኸች። ይህችን ወሬ ይዘው ደረጃውን ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ስልኩ ሲጠራ እንዳዩት አድርገው ያወሩታል። ኤልዳድም ከልቡ ይስቃል። እንደዚያ ሲስቅ ከሰሙት ዘመን የለውም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ታዲያ...

«እማዬ፣ ሚጢ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። አሁን ራሱ ጭኔ ላይ ወጥታ...»

ቀጭን የቡችላ ጩኸት ተሰማ።

የመጣው ከስልኩ ውስጥ ነው። ከኤልዳድ በኩል...

ያንን ጩኸትማ እንዴት አድርገው ይስቱታል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ባዶ ጭናቸውን ተመለከቱ።

«ኤልዳድ... ያቺ ሚጢ አይደለችም?»



«ናት፣ እማዬ። ከማኑሄ ከወሰድኳት ስድስት ሳምንት ሆናት። አንድ እሑድ ሳልነግርሽ ስመጣ ቤተ ክርስቲያን ነበርሽ። ማኑሄ ሁሉንም ነገረኝ።»

«ታዲያ ማኑሄ በየጠዋቱ የሚነግረኝ ከየት አምጥቶ ነው?»

«እኔ ነኝ እየደወልኩ የምነግረው። ላንቺ እንዲነግርሽ።»

አያችሁልኝ? ልጅ ለልብስ ሰፊው... ልብስ ሰፊው ለእናት... እናት መልሰው ለልጅ። ኤልዳድ ያን ያህል ሰሞን ሲስቅ የነበረው የራሱን ወሬ ከእናቱ አፍ እየሰማ ነው።

«ካወቅህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ከነገርኩሽማ ሌላ የማወራሽ የለኝም። አባዬ ከሞተ ወዲህ ስደውልልሽ ቃል ይጠፋኛል። ድምፅሽ ይናፍቀኛል፣ እማዬ... ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም።»

የወይዘሮ ፀሐይወርቅ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔም ውሻዋ ከሌለች የምትደውል አልመሰለኝም» አሉት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም የሚሉት ጠፋቸው... ስልኩን ግን ማናቸውም አልዘጉትም።

ወገኖቼ... እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው፤ ያለ ሰበብ መደዋወል ግን አፍረው ነበር። እናት ጋ ለመደወል ወሬ መያዝ አያስፈልግም። የምትሉት ከጠፋችሁም ደውሉና «የምለው ጠፋኝ» በሏት፤ እሱም ወሬ ነው። እኔ ራሴ ይህን ከመጻፌ በፊት እናቴ ጋ ደውዬ ስለ መብራት መጥፋት ሃያ ደቂቃ አወራን።

እናንተስ... ድምፁ እየናፈቃችሁ፣ የምትሉት ስለጠፋችሁ ብቻ ያልደወላችሁለት ሰው ማን ነው? መጀመሪያ ደውሉለት፣ ከዚያ ምን እንዳላችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ...