ለጋሼ ወልደአረጋይ የመጣ አማካሪ

በዚያ ዓመት ደብረ ብርሃን ውስጥ አማካሪ ያልቀጠረ መሥሪያ ቤት ልቅሶ እንዳልደረሰ ጎረቤት ይታማ ነበር። ዱቄት ፋብሪካው አማካሪ ነበረው፤ ክሊኒኩ ነበረው፤ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር ነበረው። ነገሩ ጉሙን ሰንጥቆ አንኮበር መድረሱ አይቀርም ነበር።

ደረሰ። ቴዎፍሎስ ይባላል። ክራቫት አስሮ፣ ላፕቶፕ አንግቦ፣ ጥርሱ በብርድ እየተንገጫገጨ ከሚኒባስ ወረደ። የተቀበሉት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋሼ ወልደአረጋይ ራሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡለት።

ትምህርት ቤቱን ወላጆች አዋጥተው ነው የሠሩት። ጋሼ ወልደአረጋይ ከተከፈተ ጀምሮ መርተውታል። በከተማው ውስጥ ጆሮውን ያልጎተቱት ጎልማሳ የለም። ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው ደጃቸው ተንበርክከው፣ “አይተዉን” ብለዋቸው ነበር፤ በዓመቱም እንዲሁ። ይህን ያህል የሚወደዱ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ቴዎፍሎስ “የአመራር ግምገማ ላደርግ ነው የመጣሁት” ሲል የመምህራኑ ዓይን ሁሉ ወደ ምክትሉ ዞረ።

“እኔ አይደለሁም!” አለ እሱባለው፣ ማንም ሳይጠይቀው። ያ ነገሩን አባሰበት።

እሱባለው ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ለዓመታት የሰው ወንበር ሲያይ የኖረ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምንም ባያደርግ እንኳ የሆነ ነገር ያደረገ ይመስላል።

የወላጆች ኅብረት ሊቀመንበር እናናየሁ ወሬውን ገበያ ላይ ሰማች። ገብስ ነጋዴ ናት። ገዢዎቿን ትታ መጣች።

“ማን ነው የጠራህ?” አለችው።

“የደንበኛን ስም መግለጥ ሙያዬ አይፈቅድም።”

“ሙያህ ምንድን ነው?”

“ማማከር።”

“እሱማ ባሌም ያማክራል። ማን ይሰማዋል!”

በማግስቱ ቴዎፍሎስ መምህራኑን ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው እንዲቆሙ አደረገና የክር ድውር አስያዛቸው። “ለሚያምኑት ሰው ይወርውሩ፤ ትስስራችንን እናያለን” አለ። ትስስሩ ታየ። የባዮሎጂው መምህር አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት፤ የስፖርቱ ወደቀ፤ ሲወድቅ የሒሳቧን መምህርት ይዟት ወረደ። ተማሪዎቹ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው እስኪያማቸው ሳቁ። ለእሱባለው ክሩን የወረወረለት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አማካሪው ርእሰ መምህሩን ጠየቀ።

“ድክመትዎ ምንድን ነው?”

“ስብሰባ ላይ እተኛለሁ። የሰው ስም እረሳለሁ። ኮምፒውተሩ በየት በኩል እንደሚበራ አላውቅም። ጻፍ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!”

ጸሐፊዋ በሩ ሥር ሆና ሰምታ ኖሮ ዓይኗን እያበሰች ወጣች። ማታውኑ ከተማው ሁሉ አወቀ። ጻድቁ ሰው ገመዱን በራሱ እጅ አቀበለ ተባለ።

ጋሼ ወልደአረጋይ በዚያ ሳምንት ሌላም ነገር ሲያደርጉ ታዩ። አሮጌ ካፖርታቸውን ከቢሮ ወደ ቤት ወሰዱ። ደብረ ብርሃን ስልክ ደውለው የአፕል ችግኝ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። በግቢው ሲያልፉ ያፏጩ ነበር።

“ሐዘናቸውን ሊረሱ ነው” አለ የስፖርቱ መምህር፣ እያነከሰ።

በአንጻሩ እሱባለው ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ ሲያዝ “አልቋል” ተባለ። የሻይ ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ሲንተከተክ ያየዋል።

ቅዳሜ ወላጆችና መምህራን አዳራሹን ሞሉት። ቴዎፍሎስ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራ።

“ቁልቁል የሚወርደው ቀይ ቀስት ምንድን ነው?” አለች እናናየሁ።

“የርእሰ መምህሩ የሥራ አፈጻጸም ነው። ምክሬ አጭር ነው። በዚህ ሳምንት ይነሡ።”

አዳራሹ ፈነዳ።

“አንተ ከነቀስትህ ገደል ግባ!” አለች እናናየሁ። “ገደል እንደሆነ እዚህ አገር ሞልቷል፤ የወደድከውን ምረጥ!”

ጋሼ ወልደአረጋይ እጃቸውን አነሡ። “ልጆቼ፣ እውነት የተናገረ ሰው አይሰደብም። ያለው ሁሉ ልክ ነው። ደክሜአለሁ፤ ልሂድ።”

“እዩት ትሕትናውን!” አለ አንዱ ወላጅ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

“ትሕትና አይደለም” አሉ ጋሼ ወልደአረጋይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “አልችልም ነው የምላችሁ!”

ልቅሶው ባሰ።

ያን ጊዜ እሱባለው ወንበር ላይ ወጣ። ላብ አጥምቆታል። ሻይ ካጣ ቀናት አልፈዋል።

“ጋሼ ወልደአረጋይ ዕድሜ ልካቸውን ርእሰ መምህራችን ይሁኑ!” ብሎ ጮኸ።

እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እጅ ያላወጣ አልተገኘም። እናናየሁ እሱባለውን ከወንበር አውርዳ ጉንጩን ሳመችው። “ለካ ሰው ነህ!” አለችው። የስፖርቱ መምህር እያነከሰ እስክስታ ወረደ፤ የባዮሎጂው ተከተለው።

ጋሼ ወልደአረጋይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

“የደስታ ነው፤ ተዉአቸው ያልቅሱ” ተባለ።

ማንም ደኅና ሁን ያላለውን አማካሪ የሸኙት እሳቸው ናቸው። ሻንጣውን ነጥቀው ተሸከሙለት። ሕዝቡ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆሞ ያይ ነበር።

“ለጠላቱ ሻንጣ የሚሸከም” አለች እናናየሁ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ “እንዲህ ያለ ሰው ይለቀቃል?”

ጋሼ ወልደአረጋይ ሻንጣውን ጭነው ሲያበቁ አንገታቸውን በሚኒባሱ መስኮት አስገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አንተ የማትረባ፣ አስነሣኝ ብዬ ከኪሴ ከፍዬ ባመጣሁህ ዕድሜ ልክ ታስፈርድብኝ?” አሉት።