ለብ ያለው ቸርኬ

ካሚል ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እንደ ልማዱ ከመኪናው ወረደና መዳፉን የኋላ ጎማው ቸርኬ ላይ አሳረፈ። የልጁን ትኩሳት የሚለካ አባት ይመስል ነበር። ቸርኬው ለብ አለ እንጂ አልጋለም። እዚሁ አገር የተገጣጠመችው አሮጌ የጭነት መኪና ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ሳያግልባት በማርሽ ታግሳ ወርዳለች። ዳገቱን ግን መልሳ አትወጣውም፤ የውሃ ፓምፗ ያፈሳል፣ የሠራት ፋብሪካም ተዘግቶ መለዋወጫ የለም። ፈትቶ የሚሸጣት መካኒክ መፍቻውን ይዞ ጥላ ሥር ይጠብቃል።

«ጋሼ ካሚል፣ ቆርቆሮዋ ዛሬም አደረሰችዎ?» አለ ወጣቱ ሾፌር ብሩክ። የእሱም መኪና ከዚያው ፋብሪካ የወጣች ነበረች፤ ካምቢዮዋ ተሰብሮ ቆማለች። የመጣው የዚችን ካምቢዮ ሊገዛ ነው።

«እስቲ ንካት» አለው ካሚል።

ብሩክ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን አሳረፈ። ቶሎም አላነሳውም።

«የእኔ እኮ እዚህ ስትደርስ እንቁላል ትጠብስ ነበር» አለ።

ከዚያ ተነስቶ ወደ መካኒኩ ዞረ። «ይቺን አትንካ። ና፣ የእኔን ፍታ፤ መጀመሪያ ፓምፗን አውጣና ለጋሼ ካሚል ግጠምላቸው።»